በራፍ ላይ የተሰማ ቃል

ሌዮካዲያ ስድስት ብርጭቆ ደርድራ፣ በየብርጭቆው ሁለት ሁለት ማንኪያ የተፈጨ ቡና ጨምራ የፈላ ውሃ ስታንቆረቁርበት፣ ከሳሎን የሚመጣው ጸሎት ድንገት ለሁለት ተሰነጠቀ። አንደኛው የጎረቤት ሴቶች ጸሎት ነው፤ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያንከባለሉ በፖላንድኛ ይቀባበሉታል። ሁለተኛው የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻ ነው። ወፍራም፣ ትንሽ የሻከረ፣ ማንንም የማይጠብቅ ድምፅ። ሴትየዋ ከሬሳ ሳጥኑ ራስጌ ተቀምጣ ዳዊት ትደግማለች፤ ካቶሊኮቹ በማያውቁት በአሮጌው የኦርቶዶክሶች ቋንቋ።

የሴቶቹ ጸሎት ሊውጣት ፈልጎ መጀመሪያ ከፍ አለ። ቀጥሎ ተንገዳገደ። በመጨረሻ ዝም አለና ዳዊቱ ብቻ ቀረ።

አጠገቧ ኬክ ስትቆርጥ የነበረችው ጎረቤቷ ዚታ ቢላዋዋን እንደያዘች ወደ በሩ አንገቷን አሰገገች።

«ማን ናት እሷ?»

«እህቱ ናት።»

«የማን እህት?»

«የታዴውሽ ነዋ! የማን ትሆናለች?»

«እህት ነበረችው እንዴ? ሠላሳ ስምንት ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር አንድ ቀን እህት አለኝ ብሎ አያውቅም።»

«አልጠየቅሽውማ።»

«ሰው ‹እህት አለህ ወይ› ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? አውርቶ አውርቶ ራሱ ይለዋል እንጂ።» ዚታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የምትደግመው የኦርቶዶክስ እኮ ነው። ታዴውሽ ኦርቶዶክስ ነበር?»

ሌዮካዲያ የብርጭቆዎቹን ማስቀመጫዎች አንድ በአንድ አስተካከለች። የሚስተካከል ነገር ግን አልነበራቸውም።

«ታዴውሽ ሌምኮ ነበር» አለች። ቃሉን በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ጮክ ብላ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። ከአፏ ሲወጣ ግን ቤቱ አልፈረሰም። ውሃው በማንቆርቆሪያው ውስጥ መንተክተኩን አላቆመም።

ዚታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከተራራዎቹ ከመጡት ሰዎች ወገን?»

«ከመጡት አትበይ። ካመጧቸው።»

ታዴውሽ የሞተው ሰኞ ንጋት ላይ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ቀብሩ ሐሙስ ይሆናል ተብሏል። የሳሎኑ መስታወት በአንሶላ ተሸፍኗል፣ የግድግዳው ሰዓት ቆሟል፣ መስኮቱ ለነፍስ መውጫ ገርበብ ብሎ ተትቷል። ጀርመኖች ገንብተውት ጥለውት የሄዱት ይህ የሸክላ ቤት ወፍራም ግድግዳ ስላለው ብርዱን ይይዛል። የጥቅምት ጭጋግ ከመንደሩ ጀርባ ካለው የድንች ማሳ እየተነሳ እስከ አጥሩ ድረስ መጥቷል።

ሴቶቹ ለቡና ሲነሱ ፓራስካ ዳዊቷን አጥፋ፣ አመልካች ጣቷን ገጹ ላይ እንደሰካች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች። አጭርና ደንዳና ሴት ናት፤ ስልሳ አምስት ዓመቷ ነው። ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራዋለች።

«ወይዘሮ ሌዮካዲያ፣ ሰዎቹ ቡናቸውን ሲጠጡ ሁለታችን እንነጋገር።»

«ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ፌድኮን ልወስደው ነው።»

ፌድኮ። በመታወቂያው ላይ ታዴውሽ ነው፤ በጋብቻ ወረቀቱም፣ በእርሻ ማኅበሩ መዝገብም። እናቱ ያወጣችለት ስም ግን ፌድኮ ነው።

«ሐሙስ ጠዋት መኪና ይመጣል» አለች ፓራስካ። «ሴማን የሚባል የአጎቴ ልጅ ልጅ አለ፣ እሱ ያመጣዋል። ከእናቴ መቃብር ጎን ባዶ ቦታ አለ። ለራሴ ነበር ያስቀመጥኩት፤ ለእሱ ይሁን። እርስዎ መፈረም ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት።»

«ምን ማለትዎ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ከከተማ የመጣችው የሌዮካዲያ ልጅ ግራዚና ናት፤ ባዶ ሳህኖች ተሸክማለች። «አባቴ የሚቀበረው እዚህ ነው። እኔ እዚህ ነኝ፣ እማዬ እዚህ ናት። እርስዎን እስከ እሁድ ድረስ አይቼዎት አላውቅም!»

ፓራስካ ዘወር ብላ ረጅም ጊዜ አየቻት። አልተቆጣችም። «የእናቴ ዓይን» አለች ለራሷ ያህል። ከዚያ ወደ ሌዮካዲያ ተመለሰች። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

ግራዚና እናቷ ይህችን ሴት በሁለት ቃል ታባርራታለች ብላ ጠበቀች። ሌዮካዲያ ግን እጇን በሽርጧ እያደራረቀች፣ «ነገ እነግርዎታለሁ» አለች።

*

ታዴውሽ የታመመው ፖም ሲለቅም ነው። ከመሰላሉ ሥር ወድቆ፣ የቀኝ ጎኑ ደርቆ፣ አፉ ተጣሞ አገኙት። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው ወደ ቤት ሰደዱት። በሦስተኛው ቀን አንደበቱ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን በፖላንድኛ አልነበረም።

የሌምኮዎች ቋንቋና ፖላንድኛ ዘመዳሞች ናቸው። ሰው ልብ ብሎ ካዳመጠ ግማሹን ይይዛል፣ ግማሹ ያመልጠዋል። ከተጣመመ አፍ ሲወጣ ደግሞ የሚያመልጠው ይበዛል። ሌዮካዲያ ሾርባ ስታጎርሰው፣ ላብ ያረጠበውን ትራስ ስትገለብጥለት፣ ጺሙን ስትላጨው፣ እያንዳንዱን ነገር ባደረገችለት ቁጥር ያመሰግናታል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤት» ይላታል። እመቤት! ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ አልጋ ላይ የተኛች ሚስቱን። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ባል ሚስቱን ይሰድባል፤ እንዲህ በጨዋነት የሚያመሰግን ግን እንግዳ ብቻ ነው።

ያኔ ነው ለፓራስካ ደብዳቤ የጻፈችው። አድራሻዋን አታውቅም። የምታውቀው የተራራውን መንደር ስም ብቻ ነው፤ እሱንም ያየችው ከብዙ ዓመት በፊት በመጣ ቴሌግራም ላይ ነው። ቴሌግራሙ የእናቱን ሞት የሚያረዳ ነበር። ታዴውሽ አንብቦት፣ አጥፎት፣ ምድጃ ውስጥ ጨምሮት ወደ እርሻው ሄደ። ማታ ሲመለስ ጠየቀችው።

«ለምን አትሄድም? እናትህ እኮ ናት!»

«ከሄድኩ መመለስ ያቅተኛል» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

ይህንን ቃል ለማንም አልተናገረችውም። በየክረምቱ ግን፣ ታዴውሽ መስኮት ላይ ቆሞ ሜዳውን ሲያይ፣ ያ ቃል ይመጣባታል። የሚያየው ሜዳውን ነው ወይስ ከሜዳው ወዲያ ያለውን?

ሜዳው አገሩ አልነበረም። ታዴውሽ አሥር ዓመቱ ሳለ ወታደሮች ተራራ ላይ ያለውን መንደራቸውን ከበው፣ ለመሰናዳት ሁለት ሰዓት ሰጥተው፣ የመንደሩን ሰው በሙሉ ከላሞቹ ጋር ባቡር ላይ ጭነው ወደ ምዕራብ አምጥተው በተኑት። ሁለት ቤተሰብ እዚህ፣ ሦስት ቤተሰብ እዚያ፤ አንድ ላይ እንዳይሆኑ። ከአሥር ዓመት በኋላ መመለስ ሲፈቀድ እናቱና ፓራስካ ዕቃቸውን ጠቅልለው ተመለሱ። ታዴውሽ ድንቹን ሰብስቤ እከተላችኋለሁ ብሎ ቀረ። በዚያ የድንች ወቅት ነው ከሌዮካዲያ ጋር የተዋወቀው።

ፓራስካ የመጣችው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በሦስት አውቶቡስ፣ አንድ የጨርቅ ቦርሳ ይዛ። ሰላምታ ሰጥታ ሻሿን ሳትፈታ ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ታዴውሽ አያትና ፊቱ በራ።

«እማ» አላት።

ሌዮካዲያ ሻይ ይዛ ስትመጣ በራፉ ላይ ቀረች። መግባት አልሆነላትም። ታዴውሽ የእህቱን እጅ በደህናው እጁ ይዞ፣ እንደሚቸኩል ሕፃን ይናገር ነበር፤ ምራቁ እየተዝረበረበ፣ ቃላቱ እየተላተሙ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ለሌዮካዲያ የደረሷት ጥቂት ናቸው። «ሴትዮዋ» ሲል ሰማች። «ባዕድ» ሲል ሰማች። ከዚያም፣ ፍንትው ብሎ፣ «ወደ ቤት እንሂድ።»

ፓራስካ አጎንብሳ በጆሮው አንድ አጭር ነገር ነገረችውና ታዴውሽ ዓይኑን ጨፈነ።

ሻዩ በሌዮካዲያ እጅ ላይ ቀዘቀዘ። ታዴውሽ በማግስቱ ንጋት ላይ አረፈ።

*

ረቡዕ ጠዋት መቃብር ቆፋሪው ብሮኒስዋፍ ኮፍያውን አውልቆ ወጥ ቤት ገባ። እሱም የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም፤ በዚህ መንደር ዕድሜው ከስልሳ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው። ኬክ ሰጠችው። ሁለተኛ ጠየቀ፣ ያንንም ሰጠችው።

«ከእናትሽ አጠገብ ነው አይደል የምቆፍረው? ከፖፕላሩ ዛፍ በኩል ሥር ያስቸግራል፤ ዛሬውኑ ልጀምር ብዬ ነው።»

«አትቆፍር፣ ብሮኔክ።»

«እንዴት አትቆፍር?»

«እህቱ ልትወስደው ነው።»

ብሮኒስዋፍ ኬኩን ማላመጥ አቆመ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ተወው፣ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ግራዚና ግን የምትተው አልነበረችም። በሩን ዘጋችው።

«እማዬ፣ አብደሻል?»

«ድምፅሽን ቀንሺ። ሰው አለ።»

«ይስማ! የትም የማናውቀው ተራራ ላይ ሊቀብሩት ነው። መቃብሩን ማን ሊጎበኝ ነው? እኔ በየሳምንቱ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ልነዳ?»

«የሚጎበኙት የራሱ ሰዎች አሉ።»

«እኛስ የማን ሰዎች ነን?»

ሌዮካዲያ ተቀመጠች። ይህንን ለልጇ መንገር እንዳለባት ካወቀች ሁለት ቀን ሆኗታል፤ ከየት እንደምትጀምር ግን አታውቅም።

«አራት ዓመትሽ ሳለ አባትሽ ዘፈን ያስተማረሽ ትዝ ይልሻል?»

«የምን ዘፈን?»

«እሱን ነው የምነግርሽ።»

የሌዮካዲያ ሰዎች ከምሥራቅ፣ ከታርኖፖል ወገን የመጡ ናቸው። በጦርነቱ ማብቂያ መንደራቸው ሲቃጠል ታላቅ ወንድሟ ዩሌክ ጎተራ ውስጥ ቀርቷል። ያቃጠሉት ሰዎች የሚጮኹበት ቋንቋ የታዴውሽን የእናት ቋንቋ ይመስላል። ታዴውሽ ያኔ በሌላ ተራራ ላይ ላም የሚጠብቅ ልጅ ነበር፤ ከዚያ እሳት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የሌዮካዲያ እናት ግን ይህንን የሚለይ ጆሮ አልነበራትም። ሴት ልጇ ሌምኮ ስታገባ አላለቀሰችም፣ አልተራገመችም። አብራቸው ኖረች፤ አማቿን «ልጄ» እያለች ካልሲውን ትጠግንለት ነበር። በፖላንድኛ እስከተናገረ ድረስ።

አንድ የክረምት እሁድ ምሳ ላይ ትንሿ ግራዚና ማንኪያዋን እየመታች አባቷ ጋጣ ውስጥ ያስተማራትን ዘፈን መዝፈን ጀመረች። አያቷ እጇ ላይ የነበረው ሳህን ወደቀ። ተነስታ፣ ካፖርት ሳትደርብ፣ በነጠላ ጫማ ወደ በረዶው ወጣች። ሌዮካዲያ ያገኘቻት የጋጣው ገለባ ውስጥ ተቀብራ፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነው።

«ያን ቀን ለአባትሽ ነገርኩት። ‹በቋንቋህ ለልጅቷ አትናገር። ለእናቴ ስትል፣ ለእኔ ስትል ተው› አልኩት። እሺ አለኝ። አልተቆጣ፣ አላኮረፈ። እሺ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ለላሙ እንኳ በፖላንድኛ ነበር የሚናገረው። እናቴ ከሞተች በኋላ ‹አሁን ተናገር› ማለት ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል፣ አፍሬ ስል፣ ዘመኑ ሄደ።»

ግራዚና ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። የትኛውም ዘፈን ትዝ አላላትም። እንባዋን ያመጣው ይኸው ነው።

«በራፉ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ» አለች ሌዮካዲያ። «‹ባዕድ ሴት› አለኝ። ‹ወደ ቤት እንሂድ› አለ። ቋንቋውን ቀምቼዋለሁ፣ ግራዚና። ሬሳውን ደግሞ አልቀማውም።»

ማታ ከመሆኑ በፊት ወረቀቱን ፈረመች። ፓራስካ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በጣቷ የምትፈርምበትን ቦታ አሳየቻት። ሌዮካዲያ ስሟን ሙሉውን፣ ትምህርት ቤት እንደተማረችው ክብ ክብ አድርጋ ጻፈች። ፓራስካ ወረቀቱን አነሳች። ማመስገን ሲኖርባት አላመሰገነችም። ወረቀቱን በእጇ ይዛ፣ ነገሩ ያላለቀ ይመስል፣ እዚያው ቆመች።

«ምነው? የጎደለ ነገር አለ?» አለቻት ሌዮካዲያ።

«የለም» አለች ፓራስካ። «የለም፣ የጎደለ።» ወደ ሳጥኑ ተመልሳ ዳዊቷን ከፈተች። ለረጅም ጊዜ ግን ድምፅ አልተሰማም።

*

ሐሙስ ጠዋት ነጭ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሴማን የተባለው ሹፌር ጺማም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ሳቁን ይውጣል። ዚታ ቡናና ዳቦ ሰጥታ አስቀመጠችው። ሌዮካዲያ ጓሮ ሄዳ ለዶሮዎቹ እህል ትበትን ነበር፤ ዶሮዎች ለቅሶ አያውቁም። ፓራስካ ከኋላዋ መጥታ ቆመች።

«እሁድ ዕለት በራፉ ላይ ነበርሽ» አለች።

«አንቺ» ብላ ነው ያለቻት። ሌዮካዲያ ይህንን ያስተዋለችው ቆይታ ነው።

«ሻይ ይዤ ነበር።»

«ምን ሰማሽ?»

«የሰማሁት ይበቃኛል።»

«ምን ሰማሽ ነው የምልሽ! ንገሪኝ።»

ሌዮካዲያ እፍኟን ዘረገፈች። «ባዕድ አለኝ። ወደ ቤት እንሂድ አለሽ። ይኸው መኪናው መጥቷል፣ ውሰጂው። ምን ትፈልጊያለሽ ከእኔ ሌላ?»

ፓራስካ እህል መያዣው በርሜል ላይ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ድንገት አሮጊት ሆነች።

«እናታችን መሰልኩት» አለች። «አሥር ዓመቱ ነበር። ያኔ ከባቡር አውርደው እዚህ ሲጥሉን፣ እናታችን ማታ ማታ ‹ወደ ቤት እንሂድ፣ ልጆቼ፣ በእግራችንም ቢሆን እንሂድ› ትለን ነበር። ሰዉን ትፈራዋለች። ከማንም ቤት ውሃ እንዳትቀበሉ ትለናለች። ፌድኮ እዚያ ቀን ላይ ነበር ያለው። ይዞኝ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እማ፣ ሴትዮዋን አትፍሪያት። ባዕድ ናት፣ ግን ደግ ናት። ሾርባ ታበላኛለች። ትራሴን ትገለብጥልኛለች። ስሜን ሳትጠይቅ ነው የምታበላኝ። እማ፣ ወደ ቤት እንሂድ አትበይ። እዚሁ እንቆይ።›»

ዶሮዎቹ በእግራቸው መሃል ይጭሩ ነበር።

«‹አትበይ› ነው ያለው» አለች ፓራስካ። «አንቺ የሰማሽው ‹አትበይ›ን ሳይጨምር ነው።»

ሌዮካዲያ የአጥሩን እንጨት ያዘች። ጭጋጉ ሲገፈፍ የፖሙ ዛፍ ታየ፤ መሰላሉ ገና ተደግፎበታል። «አላወቀኝም ማለት ነው» አለች።

«አላወቀሽም። ሳያውቅሽ ነው ከአንቺ ጋር ልቆይ ያለው።»

«አንቺስ? አንቺ ምን አልሽው?»

ፓራስካ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «ምን እላለሁ? ልጅ ጠየቀኝ። ‹እንቆያለን› አልኩት። እኔ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህችን አገር የረገምኩ ሴት፣ በእናቴ አፍ ‹እንቆያለን› አልኩት። ከዚያ ማክሰኞ ሳትከራከሪኝ ስትቀሪ ሁሉንም እንዳልሰማሽ ገባኝና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አርባ ዓመት ኖራበታለች፣ አጥንቱ እንኳ ለእኔ ይሁን አልኩ። እሱ እኮ ታናሼ ነው። ጭቃ ላይ በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ ነው። ትላንት ግን ስትፈርሚ አየሁሽ። ስምሽን እንደ ተማሪ ክብ ክብ አድርገሽ ስትጽፊ። ከዚያ ወዲህ አንድ መዝሙር እንኳ መድገም አቃተኝ፤ ፊደሉ ሁሉ ተደበላለቀብኝ።»

ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት። ሌዮካዲያ አልተቀበለቻትም፤ የተቀበለችው እጇን ነው። ሁለቱም እጆች ሸካራ፣ ሁለቱም ቀዝቃዛ ነበሩ። እንዲያ ሆነው ዶሮዎቹ መሃል ትንሽ አለቀሱ፣ ሳይተቃቀፉ፤ ገና አልተዋወቁምና።

ሴማን ነገሩ ሲነገረው ዳቦውን እንደጎረሰ ቀረ። «አክስት ፓራስካ፣ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር የነዳሁት ቡና ልጠጣ ነው?»

«ሳጥን የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል። ትከሻ የለህም?»

«ትከሻስ አለኝ።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ብላ።»

የቀረው ጉድጓዱ ነበር። ግራዚና ወደ ብሮኒስዋፍ ቤት ሮጣ ሄዳ፣ ይዛው ተመለሰች። ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ከሌዮካዲያ ፊት ቆመ።

«አትቆፍር ስትዪኝ እኮ ቆፍሬ ጨርሼ ነበር» አለ። «ማክሰኞ ከሰዓት ነው የጨረስኩት። ረቡዕ ጠዋት የመጣሁት ሥሩ አስቸገረኝ ልልሽና ኬክ ልበላ ነው። ከዚያ እንደዚያ ስትዪኝ አፈርኩ። መድፈንም ጨነቀኝ።»

ግራዚና ሳቀች። ከዚያ ዚታ ሳቀች። ሌዮካዲያም ሳቀች፤ በሳቋ ራሷ ደነገጠችና አፏን በሽርጧ ሸፈነች።

*

ካቶሊኩ ቄስ ሥርዓቱን ፈጽመው፣ ውሃውን ረጭተው፣ መጽሐፋቸውን ከዘጉ በኋላ ወደ ፓራስካ አዩ። ሌዮካዲያ ቀድማ ነግራቸዋለች። ወጣት ቄስ ናቸው፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚነግራቸው መጽሐፍ አላገኙም። ስለዚህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። በቃ።

ፓራስካ ወደ ጉድጓዱ ቀርባ በተራራዎቹ ሰዎች ዜማ የሙታንን ጸሎት አዜመች። ሴማን በወፍራም ድምፁ ተከተላት። ከጎኑ ባለው መቃብር የሌዮካዲያ እናት ተኝታለች። ሌዮካዲያ ወደዚያ አየች። «እማዬ» አለች በልቧ፣ «ይህ ሌላ ነው። የዩሌክ ገዳዮች ድምፅ አይደለም። ስሚው እስቲ፣ የታዴውሽ ነው።» ከዚያ የራሷን ጆሮ አዳመጠች፤ ፍርሃት የለበትም። ከመንደሩ ሰዎች ማንም አልሄደም። ዚታ ቃሉን ሳታውቅ ዜማውን በአፍንጫዋ ትከተል ጀመር።

በእንጨት መስቀሉ ላይ ብሮኒስዋፍ በነጭ ቀለም «ታዴውሽ» ብሎ ጽፎ ነበር። ሌዮካዲያ ብሩሹን አስመጥታ፣ ከሥሩ በራሷ እጅ፣ ክብ ክብ አድርጋ «ፌድኮ» ብላ ጨመረች።

ሰዉ ለቀብር ምሳ ወደ ቤት ሲያዘግም፣ እሷ ትንሽ ልቆይ አለች። ግራዚና አክስቷን ክንዷን ይዛ የመቃብሩ በር ላይ ትጠብቃታለች፤ ሁለቱ አንገታቸውን ገጥመው ያወራሉ። ምናልባት ስለዚያ ዘፈን።

ሌዮካዲያ ጓንቷን አወለቀች። ታዴውሽ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቧ ቆሞ እንደ ካቶሊኮቹ፣ ከግራ ትከሻው ጀምሮ ነበር የሚያማትበው፤ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። በሐምሌ፣ ማሳ ላይ ሳሉ መብረቅ አጠገባቸው ሲወድቅ ግን እጁ ሳያማክረው ቀድሞ፣ በተራራዎቹ ኦርቶዶክሶች ልማድ፣ ወደ ቀኝ ይሄድ ነበር። ከዚያ ሰረቅ አድርጎ ያያታል። እሷም እንዳላየች ሆና ድርቆሹን ትሰበስባለች።

እጇን ግንባሯ ላይ አኖረች። ወደ ደረቷ አወረደችው። እዚያ ትንሽ አመነታ፤ የስልሳ ዓመት ልማዱ ወደ ግራ ሲጎትተው ተሰማት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ መንገድ እንደምታሳየው ሕፃን፣ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ወሰደችው።